ዝም ያለ ሁሉ እሺ አላለም፦ የኦንላይን ስብሰባ ስንመራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ስብሰባ ላይ ተጋብዤ ገባሁ። አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ሰብሳቢው ሃያ ደቂቃ ሙሉ አዲሱን የሥራ እቅድ አብራራና «ተቃውሞ ያለው አለ?» አለ። ሁለት ሰከንድ ጠበቀ። ቆጥሬያለሁ፣ ሁለት ሰከንድ። ከዚያ «በጣም ጥሩ፣ ተስማምተናል ማለት ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ። እኔ ማይኬን የምከፍትበትን ቁልፍ ገና እየፈለግኩ ነበር።

ይሄን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። በየከተማውና በየአገሩ የተበተነ ቡድን መምራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹን አሁንም እሠራቸዋለሁ። ቅደም ተከተል አትፈልጉበት። ሊንኩ መሥራቱን ቀድሞ መሞከር፣ ላፕቶፑን ቻርጅ ማድረግ፣ ይሄን የመሰለውን ደግሞ አልነግራችሁም። እሱን ታውቁታላችሁ።

ዝምታን «እሺ» ብሎ መቁጠር

ፊት ለፊት ስንሰበሰብ ዝምታም ይናገራል። አንዱ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፣ አንዷ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ ሁለት ሰዎች ይተያያሉ። ሰብሳቢው ያን አይቶ «ምነው፣ ያልጣመህ ነገር አለ?» ይላል። ኦንላይን ላይ ይሄ ሁሉ የለም። ያለው አሥራ አንድ ትናንሽ ሳጥን ነው፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ኢሜይሉን እያነበበ። ዝምታው ከመስማማት ሊመጣ ይችላል። ኔትወርክ ተቆርጦም ሊሆን ይችላል። ከፍርሃት፣ ከመሰላቸት፣ «ሆድ ይፍጀው» ከማለትም ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም አንድ መልክ ነው ያላቸው።

ብዙ ሰብሳቢ የማያውቀው የቴክኒክ ምክንያትም አለ። ሰዎች ሲያወሩ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት በጣም አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል፤ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ድምፅ በኢንተርኔት ሲያልፍ ደግሞ ይዘገያል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ንግግር ሳይረበሽ እንዲሄድ መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። መጥፎ መስመር ላይ ይሄ ቁጥር የትና የት ይታለፋል። ስለዚህ «አሁን ተራዬ ነው» ብሎ የገባው ሰው ሌላው ንግግር ላይ ያርፋል። «ይቅርታ፣ ቀጥል።» «አይ፣ አንቺ ቀጥዪ።» ከዚያ ሁለቱም ዝም፤ ከዚያ ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ። ሁለቴ እንዲህ የሆነበት ሰው ሦስተኛ አይሞክርም። ዝም ይላል። ሰብሳቢውም «ተስማምቷል» ብሎ ይጽፋል።

የራሴን ልንገራችሁ። ዘጠኝ ሰው ሆነን ከአራት አገር አንድ የደንበኞች መመዝገቢያ እየሠራን ነበር። የደንበኛው ዋና መለያ ስልክ ቁጥር ይሁን ወይስ ኢሜይል የሚል ጥያቄ ተነሣ። «በስልክ ቁጥር እንሂድ፣ ችግር አለው?» አልኩ። ዝም። ቀጠልኩ። ሦስት ሳምንት ቆይተን ሥራውን ስናገጣጥም አንዱ ክፍል በስልክ ቁጥር፣ ሌላው በኢሜይል ተሠርቶ አገኘነው። በኢሜይል የሠራው ልጅ በዚያች ደቂቃ መስመሩ ተቆርጦበት ነበር፤ ተመልሶ ሲገባ እኛ ሌላ ወሬ ላይ ነን። ሌላዋ ባልደረባችን ደግሞ ሰምታኛለች። ውሳኔው ስህተት መሆኑንም አውቃለች። ደንበኞቻችን ስልክ ቁጥር ቶሎ ቶሎ እንደሚቀያይሩ ከማናችንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ በየቀኑ የምታናግራቸው እሷ ናታ። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ቸኩለህ ነበር» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የሦስት ሳምንቱን ሥራ እንደገና ለቀምነው።

አሁን ምን አደርጋለሁ? አንደኛ፣ «ተቃውሞ አለ?» ብሎ መጠየቅ ትቻለሁ። ይሄ ጥያቄ ሰውን ተቃዋሚ ሁን ብሎ መጋበዝ ነው፤ በተለይ አለቃው የጠየቀ እንደሆነ ማን ይደፍራል? በምትኩ «ይሄ እቅድ ቢበላሽ በየት በኩል የሚበላሽ ይመስላችኋል?» እላለሁ። ያኔ ችግር መጠቆም ሥራ ይሆናል፣ ድፍረት መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ስም እየጠራሁ አዞራለሁ። ቅደም ተከተሉን ቀድሜ ቻት ላይ እጽፈዋለሁ፣ ማንም ድንገት እንዳይጠራ። አዲሶቹ መጀመሪያ ይናገራሉ፣ እኔ መጨረሻ። «አልፌያለሁ» ማለት ይፈቀዳል። ሦስተኛ፣ ከባድ ውሳኔ ሲሆን ሁሉም ሰው ከ1 እስከ 5 ቁጥር ቻት ላይ ይጽፋል ግን አይልክም። «አሁን» ስል ሁሉም እኩል ይልካል። 1 ማለት «በፍጹም»፣ 5 ማለት «ከልቤ»። አንዱ የሌላውን አይቶ አይገለብጥም። 2 የጻፈ ሰው ካለ ስብሰባው የሚጀምረው ገና ያኔ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። ሐሳብ ለማሰባሰብ ከሆነ የተጠራችሁት፣ ሰውን በቀጥታ ወደ ወሬ አታስገቡት። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ሁሉም ለብቻው ይጻፍ። ዲልና ስትሮብ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳሳዩት፣ ሰዎች በቡድን ተራ እየጠበቁ ሐሳብ ሲያዋጡ ለየብቻቸው ሆነው ከሚያፈልቁት ያነሰ ያመጣሉ፤ ዋናው ምክንያት ደግሞ ይሄው ተራ መጠበቁ ነው። ሌላው ሲያወራ የራስህ ሐሳብ ይጠፋብሃል። ኦንላይን ላይ የባሰ ነው።

ለመልእክት የሚበቃውን ስብሰባ ማድረግ

አጭር ነው። ሰው የሚጠራው ለመከራከር፣ ለመወሰን ወይም ከባድ ዜና ለመንገር ነው። ሪፖርት ለማንበብ ሰው አይጠራም። ሪፖርቱን ላኩት። «አያነቡትማ!» ትሉኝ ይሆናል። ካላነበቡት ስብሰባው ውስጥ አስነብቧቸው። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በከፍተኛ ኃላፊዎቹ ስብሰባ ላይ የስላይድ ማቅረቢያ ትቶ፣ እስከ ስድስት ገጽ የሚደርስ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ሁሉም በዝምታ እንዲያነብ ያደርጋል። እኛ አንድ ገጽ ነው የምናነበው፣ ስምንት ደቂቃ ይወስዳል። መጀመሪያ ጊዜ ሰው ይስቃል። ሁለተኛው ላይ ይለምደዋል።

አጀንዳን በአንድ ቃል መጻፍ

«1. በጀት። 2. ድረ ገጽ። 3. ልዩ ልዩ።»

ይሄ አጀንዳ አይደለም። በጀቱ ምን ሆነ? ልንቀንሰው ነው? ልንጨምረው ነው? ወይስ ስለ በጀት አለመኖር ልንለቃቀስ ነው? አጀንዳ ጥያቄ ሆኖ መጻፍ አለበት፤ ስብሰባው ሲያልቅ መልስ ያገኘ ወይም ያላገኘ መሆኑ የሚታወቅ ጥያቄ። «ድረ ገጹን በዚህ ወር እንልቀቅ ወይስ የክፍያው ክፍል እስኪያልቅ እንጠብቅ?» ይሄን ያነበበ ሰው ምን ይዞ እንደሚገባ ያውቃል። መልስ ከሌለውም መቅረት እንደሚችል ያውቃል፣ እሱም ትርፍ ነው።

አንድ ቃል ብቻ የጻፋችሁ እንደሆነ ወሬው ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ይሆናል። ሰው ደግሞ የሚገባውን ጉዳይ ነው የሚያነሣው፣ ከባዱን አይደለም። ፓርኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1957 በዚህ ላይ ቀልዶበታል። በእሱ ምሳሌ አንድ ኮሚቴ 10 ሚሊዮን ፓውንድ የሚፈጅ የአቶሚክ ማብላያ በሁለት ደቂቃ ተኩል ያጸድቅና፣ 350 ፓውንድ ለሚፈጅ የብስክሌት ማቆሚያ አርባ አምስት ደቂቃ ይከራከራል። ማብላያው የገባው ሰው የለም፤ ብስክሌት ማቆሚያ ግን ሁሉም ያውቃል። እኛ ቡድን ውስጥ የብስክሌት ማቆሚያው ስክሪን ላይ የሚጫን የአንድ አዝራር ቀለም ነበር። አርባ ደቂቃ። አረንጓዴ ሆነ።

«ልዩ ልዩ» የሚለውንም ሰርዙት። ከባዱ ነገር ሁልጊዜ እዚያ ተደብቆ ይመጣል፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ ጣቱን «ውጣ» የሚለው ቁልፍ ላይ ካደረገ በኋላ።

ማይክ

እባካችሁ፣ የማትናገሩ ከሆነ ዝጉት፤ ሰብሳቢ ከሆናችሁ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ትታችሁ ራሳችሁ ዝጉላቸው፣ ማንም አይቀየምም።

«ለማንኛውም ይግባ» ብሎ ሰው መጥራት

ሰው ካልተጠራ ይከፋዋል ብለን እንጠራዋለን። አምስት ሰው ባለበት ስብሰባ እርስ በርስ ሊነጋገሩ የሚችሉ ጥንዶች 10 ናቸው። አሥራ ሁለት ሰው ሲሆን 66 ይሆናሉ። ጀማሪ ሳለሁ ይሄን አላስተውልም ነበር፤ «ሁሉም ይስማ» እያልኩ ሰው አበዛለሁ፣ ከዚያ ማንም አይናገርም ብዬ እበሳጫለሁ። መስማት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ቃለ ጉባኤው ይላክለት። ለዚያውም ደስ ይለዋል።

ሰዓት

በተለያየ አገር ያለ ቡድን ውስጥ «ነገ ጠዋት» ብላችሁ አትጻፉ። የማን ጠዋት? ሰዓቱን ሁሌም ዩቲሲ (UTC) በሚባለው የዓለም የጋራ መለኪያ ሰዓት ጻፉ፣ ከዚያ ካላንደሩ ለእያንዳንዱ ሰው ይቀይርለት። በጭንቅላት አትደምሩ። የህንድ ሰዓት ከዩቲሲ አምስት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፣ የኔፓል አምስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ግማሽና ሩብ ያለበትን ሂሳብ በቃል የሚደምር ሰው አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም።

በጣም የሚያዋርደው ግን መጋቢትና ጥቅምት አካባቢ ያለው ነው። አሜሪካና አውሮፓ ሰዓታቸውን ወደፊት የሚገፉት በተለያየ ቀን ነው፤ አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓ በማርች የመጨረሻ እሑድ። በመሃል ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አለ። በመኸር ሲመልሱት ደግሞ አውሮፓ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ። ሰዓት የማይቀይረው አገርም ብዙ ነው። አንድ ዓመት በማርች ሳምንታዊ ስብሰባችን በአሜሪካ ሰዓት ተይዞ ነበር። አውሮፓ ያሉት ሰዓቱን ሸምድደውታል፣ ካላንደር አያዩም፤ ስብሰባው ሲያልቅ ገቡ። አንደኛው «በሰዓቱ ነው የመጣሁት!» እያለ ይምላል። በእሱ ሰዓት እውነቱን ነው።

ሌላው ደግሞ ፍትሕ ነው። አለቃው ያለበት አገር ሁልጊዜ ቀን ነው፣ የሌላው ሁልጊዜ ሌሊት። ለሁሉም የሚመች ሰዓት ከሌለ፣ አለመመቸቱን በየወሩ ተቀያየሩት። የመጀመሪያ ወር ላይ ራሴ ሌሊት ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ተነሥቼ ስሰበሰብ ነው ይሄ ስብሰባ ምን ያህል አላስፈላጊ እንደሆነ የገባኝ። ሰረዝነው።

ካሜራ በግድ ማስከፈት

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። «ካሜራ ያልከፈተ እየሠራ አይደለም» የሚል አለቃ አጋጥሞኛል፤ ከዚያ ቡድን ውስጥ ማን እየሠራ እንደነበር እኔ አውቃለሁ፣ ካሜራ ሲከፍት የዋለው አልነበረም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 የቪዲዮ ስብሰባ ለምን እንደሚያደክም አራት ምክንያት ጽፏል፦ ሰዎች ፊት ላይ ከቅርብ ሆኖ መፋጠጥ፣ የራስን ፊት ሲያዩ መዋል፣ ከቦታ አለመንቀሳቀስና የሰውን ምልክት ለማንበብ አእምሮ የሚያወጣው ተጨማሪ ጉልበት። ቀኑን ሙሉ መስታወት ይዞ የሚከተላችሁን ሰው አስቡት። የራሳችሁን ምስል ከራሳችሁ ስክሪን ላይ መደበቅ ይቻላል፤ ያን ቁልፍ ፈልጉት፣ ብዙ ይቀልላችኋል።

መስመርም አለ። ድምፅ ብቻ ከሆነ በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት አካባቢ ይበቃዋል፤ ቪዲዮ እንደ ጥራቱ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ድምፁ የሚቆራረጥን ሰው «ካሜራህን ክፈት» ማለት እየሰመጠ ላለ ሰው ድንጋይ ማቀበል ነው። እኛ ስንጀምር ሁለት ደቂቃ ሰላምታ እስክንለዋወጥ እንከፍታለን። ሰው ለመገሠጽ፣ ለማጽናናት ወይም ለመታረቅ ከሆነም ይከፈታል። ከዚያ ውጭ በፈቃድ ነው።

ግማሹ አዳራሽ፣ ግማሹ ስክሪን

አምስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ይገባል፤ ሦስቱ ከየቤታቸው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ይሳሳቃሉ፣ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ ወረቀት ይቀባበላሉ። ከቤት ያሉት የሚሰሙት የወንበር ድምፅና ከሩቅ የሚመጣ ሳቅ ነው። እኔ ከቤት የነበርኩበትን አንድ ስብሰባ አልረሳውም። ውሳኔው የተላለፈው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነው፣ ኮሪደር ላይ። መቼም የሰማሁት በሳምንቱ።

መድኃኒቱ ሰው አይወደውም ግን ይሠራል። አንድ ሰው ስክሪን ላይ ከሆነ ሁሉም ስክሪን ላይ ይሁን። ክፍል ውስጥ ያሉትም በየላፕቶፓቸው በየማዳመጫቸው ይግቡ፤ የሚጮኸው ከአንዱ ላፕቶፕ ስፒከር የወጣ ድምፅ አጠገቡ ያለ ክፍት ማይክ ውስጥ ሲገባ ነውና ተራራቁ። ይሄ አይሆንም ካላችሁ፣ ቢያንስ መጀመሪያ የመናገር ዕድል ከሩቅ ላሉት ስጡ።

ባለቤት የሌለው ውሳኔ

«ይታሰብበት።» «እናየዋለን።» «ቡድኑ ይከታተለው።» እነዚህ ሦስቱ የሥራ መቃብር ናቸው። ቡድን የሚባል ሰው የለም። አንድ ሥራ አንድ ስም፣ አንድ ቀን፣ «አለቀ» የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር። ሁለት ስም ከተጻፈ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ይሄን የምለው እኔ ራሴ ሁለት ስም ጽፌ፣ ከሁለቱ አንዱም እኔ ሆኜ፣ ሌላውን ስጠብቅ ወር ስላለፈብኝ ነው።

ቃለ ጉባኤውን ስብሰባው እየሄደ፣ ሁሉም እያየው፣ አንድ የጋራ ሰነድ ላይ ጻፉት። «በኋላ እልካለሁ» የተባለ ቃለ ጉባኤ ሲመጣ አላየሁም። ቢመጣም «እኔ እንዲህ አላልኩም» ይከተለዋል። መስመር የተቆረጠበት ሰውም ተመልሶ ሲገባ «ምን ላይ ናችሁ?» ብሎ ወሬ አያቋርጥም፣ ሰነዱን ያየዋል። ሙሉውን ቀርጻችሁ «ያልገባው ቪዲዮውን ይይ» ማለት ደግሞ ስንፍና ነው። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ መልሶ የሚያይ የለም። ከቀረጻችሁም አስፈቅዱ።

የቡድን ሕግን ለጌጥ ማውጣት

ይሄ ከዝምታው ቀጥሎ የሚያንገበግበኝ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ወንድማማቾች ናቸው።

አለቃው አንድ ቅዳሜ ብቻውን ቁጭ ይላል። አሥራ አምስት ሕግ ይጽፋል። የመጀመሪያው «እርስ በርስ እንከባበር» ነው። ሁለተኛው «በግልጽ እንነጋገር»። ሰኞ ግሩፑ ላይ ይለጥፈዋል፣ ሁሉም አውራ ጣት ያደርግበታል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያነበውም። በራሱ በአለቃው ይጀመርና ሕጉ በሳምንቱ ይፈርሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«እንከባበር» የማይል ቡድን የትም የለም። የማይከባበር ቡድን ግን ሞልቷል። ምክንያቱም ቃሉ ለሁሉም አንድ አይደለም። ለአንዱ አክብሮት ማለት መልእክቱ ቶሎ መመለሱ ነው። ለሌላው አክብሮት ማለት ከሥራ ሰዓት ውጭ አለመደወል ነው። ሁለቱም «እንከባበር» ላይ ፈርመዋል፣ ሁለቱም ተንቄያለሁ ይላሉ። ሕግ በዓይን የሚታይ ነገር መሆን አለበት። መጣሱ የሚታወቅ ካልሆነ ሕግ አይደለም፣ ምኞት ነው።

የምን ሕግ ታዲያ? የሚያጣላችሁን ነገር ተከተሉ። ያለፉትን ሁለት ወራት ጭቅጭቆች ጻፏቸውና ለእያንዳንዱ አንድ ሕግ አውጡለት። የእኛ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ «ለምን አልመለስክልኝም» ነበር። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ሆነ፦ እሳት የያዘ ነገር ከሆነ ስልክ ይደወላል፤ ዛሬ መልስ የሚፈልግ ከሆነ ቻት ላይ ይጻፋል፣ በአራት የሥራ ሰዓት ውስጥ ይመለሳል፤ ውሳኔ ከሆነ የጋራ ሰነዱ ላይ ይገባል። ቻት ላይ የተባለ ነገር ሰነዱ ላይ እስኪገባ ድረስ ውሳኔ አይባልም። ሌሊት መጻፍ ይቻላል፣ ሌሊት መመለስ ግን ከማንም አይጠበቅም። ሁለተኛው ጭቅጭቅ «ሳልሰማ ወሰናችሁ» ነበር። ስለዚህ የስብሰባ ውሳኔ ሁሉ 24 ሰዓት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ያልገባ፣ መስመር የተቆረጠበት ወይም ዘግይቶ የነቃ ሰው ተቃውሞውን በጽሑፍ ያስገባል። ካለፈ አለፈ። ሦስተኛው ደግሞ ሰብሳቢው ቢቆረጥ ምን እንሁን የሚል ነበር። አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ቀድሞ የተመደበው ምክትል ይቀጥላል።

ስድስት ወይም ሰባት ሕግ በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ማንም አያስታውሰውም። ሁሉም አብሮ ያውጣው፣ ስም በሌለው መጠይቅ መጀመር ይሻላል፣ አለዚያ እንደለመድነው ዝም ይባላል። በሦስት በአራት ወር ክለሱት። አዲስ ሰው ሲመጣ አንብቦ እንዲፈርም ከማድረግ ይልቅ «የትኛው ግራ ገባህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የሞተውን ሕግ ከእሱ በላይ የሚያይላችሁ የለም።

ጀማሪዎች፣ ይሄ ሁሉ ካስፈራችሁ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሄንሪ ሮበርት የሚባል የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1863 ሳይዘጋጅ አንድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ ተጠየቀ። መራው፣ ስብሰባውም ተተራመሰ። በጣም አፈረ። ከዚያ ስለ ስብሰባ ሥርዓት ሲያነብ፣ ሲጠይቅ ኖሮ በ1876 መመሪያ አሳተመ፤ ብዙ ማኅበራት እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። በመሃል 13 ዓመት አለ። እናንተ ሁለተኛ ስብሰባችሁ ላይ ናችሁ፣ ተረጋጉ።

ስብሰባን ከስብሰባ መቀጠል

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 የ14 ሰዎችን የአንጎል ሞገድ ለክቶ ነበር። ግማሽ ግማሽ ሰዓት የሆኑ አራት ስብሰባዎችን ያለ ዕረፍት ሲያያይዙት ጭንቀቱ እየተከማቸ ሄደ፤ በየመሃሉ 10 ደቂቃ ሲያርፉ አልተከማቸም። ትንሽ ጥናት ነው፣ ግን ከአራት ስብሰባ በኋላ የራሴን ፊት ላየሁት ለእኔ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ጉግል ካላንደር ላይ ስብሰባን የሚያሳጥር ምርጫ አለ፣ 30ውን 25፣ 60ውን 50 ደቂቃ ያደርገዋል። ክፈቱት። ከዚያ ደግሞ ሃያ አምስተኛዋ ደቂቃ ላይ በእውነት ጨርሱ፤ «አንዴ፣ አንድ ነገር ብቻ» የሚለውን ሰው ለሚቀጥለው አቆዩት።

ሰብሳቢው ሁልጊዜ አንድ ሰው መሆኑ

ይሄን የተማርኩት ሳልወድ ነው። ሁሉንም ስብሰባ እኔ ነበርኩ የምመራው፤ እኔ ከሌለሁ የሚፈርስ ይመስለኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እንዲፈርስም ትንሽ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን መሃል ላይ መብራት ጠፋ፣ እኔም ጠፋሁ። የስልኬን ዳታ አስተካክዬ ስመለስ አሥራ ሁለት ደቂቃ አልፏል። ሊንኩ ባዶ ነው። ሁሉም ወጥተዋል። ደነገጥኩና ሰነዱን ከፈትኩ።

አምስት ደቂቃ ጠብቀዋል፣ ምክትሏ ቀጥላለች፣ ስም ጠርታ አዙራለች፣ ውሳኔው ከስምና ከቀን ጋር ተጽፏል። እኔ ከምፈልገው የተለየ ነበር። 24 ሰዓት ስላለኝ ተቃውሞዬን በጽሑፍ አስገባሁ። አንብበው፣ ተነጋግረው፣ አልተቀበሉትም።